ሰባት ቦቴ ውሃ በሻይ ሰሃን ቀዳዳ፦ የጎርፍ ማፋሰሻ ዲዛይን አሠርተን ያየነው

ይህን የምጽፈው መሬት ይዛችሁ ሕንፃ ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። በተለይ ቦታችሁ ጅረት ወይም ወንዝ ዳር ከሆነ። እኛ ሁለት የዲዛይን ቢሮዎች ሞክረናል። በመጀመሪያው ከሰርን። ሁለተኛው ጥሩ ሠራልን፤ ቅር ያለኝ ነገርም አለ፤ እሱንም እጽፋለሁ። የሁለቱንም ስም አልጠቅስም። ወደፈለጋችሁት ቢሮ ሂዱ፤ ግን የምትጠይቁትን አውቃችሁ ሂዱ።

እኔ የቧንቧና የቀለም ዕቃ ነጋዴ ነኝ። መርካቶ ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። 31 ነጋዴዎች ሆነን አክሲዮን አዋጣንና ቦሌ ቡልቡላ አካባቢ 4,000 ካሬ ሜትር ቦታ ያዝን። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ፣ ከኋላ የመኪና ማቆሚያና የዕቃ ማራገፊያ። የግንባታ ኮሚቴውን እኔ እንድመራ መረጡኝ። ቦታችንን በአንድ በኩል የሚያዋስነው ጅረት ነው። በበጋ ካያችሁት ጅረት አትሉትም፤ ሕፃን ልጅ ይዘለዋል። ያ ውሃ ግን ቡልቡላ ወንዝ ይገባል። ከዚያ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ።

ስህተታችን ከቅደም ተከተሉ ነው የጀመረው። አርክቴክቱ ሕንፃውን ነደፈ፤ ሁላችንም ወደድነው። ሥዕሉን በትልቁ አሳትመን ቢሮ ሰቀልን። ሱቆቹን በካርታው ላይ ተከፋፈልን። ስለ ዝናብ ውሃ ያሰብነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ለግንባታ ፈቃዱ ወረቀት ስለሚያስፈልግ። ርካሽ የሆነውን ፈለግን። 90 ሺህ ብር፣ በሁለት ሳምንት የሚያስረክብ ቢሮ አገኘን።

ባለሙያው የመጣው በየካቲት ነው፤ ፀሐይዋ መሬቱን ስንጥቅጥቅ ባደረገችበት ወር። ጉድጓድ አስቆፈረ። ሁለት ጀሪካን ውሃ አስደፋ። ውሃው ወዲያው ጠፋ። «መሬቱ ውሃ በደንብ ይጠጣል» አለን። ስድስት የማስረጊያ ጉድጓድ ነደፈልን፤ የጣሪያውና የግቢው ውሃ እዚያ ገብቶ ወደ መሬት ይሰርጋል ተባለ። ወደ ጅረቱ የሚወጣ ቱቦ የለም፤ ማቆያ ታንከር የለም። ርካሽ ስለሆነ ደስ አለን። ሁለቱን ጉድጓዶች ወዲያው አስቆፈርን፤ የመሠረት ቁፋሮም ጀመርን።

የቦታው አፈር መረሬ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው። ያ የሁለት ጀሪካን ውሃ የገባው በስንጥቁ ውስጥ ነው እንጂ አፈሩ ጠጥቶት አይደለም። መረሬ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፤ ስንጥቁም ግጥም ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። የእናቴ አገር ገበሬዎች ይህን ለማወቅ ኢንጂነር አላስፈለጋቸውም። መረሬ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው ሲሸሽ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። ግን የካቲት ላይ ቆሜ ውሃው ሲጠፋ ሳይ አላስታወስኩትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሐምሌ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሁለቱ ጉድጓዶች ከቀናት በፊት በጣለው ዝናብ ሞልተው ቆመው ነበር፤ ጠብታ የሚቀበሉበት ቦታ አልነበራቸውም። ከበላያችን ካለው አስፋልት የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ግቢያችንን መንገድ አደረገው። የመሠረት ጉድጓዱ ሐይቅ ሆነ። የታሰረው ፌሮ ጭቃ ተቀበረ። ዋናው ጉዳት ግን የእኛ አይደለም። ለአጥር ብለን የከመርነው አፈር ውሃውን ወደ ጎን ገፋውና ከእኛ በታች ያለ ግቢ ገባ። የብሎኬት አጥራቸው ወደቀ። በነጋታው ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። የቤቱ እመቤት በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ናቸው። አልተቆጡም። ቡና አፍልተው ነበርና ቁጭ በይ አሉኝ። ከዚያ «ይኼ ውሃ በፊት እዚህ መጥቶ አያውቅም» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

አጥሩን አሠራን። ቃላቸው ግን አብሮኝ ዋለ፣ አብሮኝ አደረ። ድሬዳዋ በ1998 ክረምት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከተማዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በአንድ ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰው በላ። አዲስ አበባም በነሐሴ 2013 በጎርፍ ሰዎች ሞተዋል። ደረቅ ነው ብሎ ጅረትን መናቅ የሚያመጣውን አገራችን በደንብ ታውቀዋለች። እኔ ግን የማውቀውን ረስቼ በሰው አጥር ላይ ውሃ ለቀቅኩ።

ለሁለተኛው ቢሮ የከፈልነው 380 ሺህ ብር ነው። ከአባላቱ ግማሾቹ ጮኹ። አሁን ላይ ሆኜ ስገምተው ከጠቅላላው ግንባታ ወጪ አንፃር ኢምንት ነው። የጣልነው የመሠረት ሥራ ብቻ ከዚህ ይበልጣል።

መጀመሪያ ልቤን የገዛው ኢንጂነሯ የመጣችበት ቀን ነው። ዝናብ እየዘነበ ነው የመጣችው። ቀጠሮውን ላስተላልፍ ስደውልላት «እንዲያውም ዛሬ ነው የምፈልገው፣ እትዬ» አለችኝ። ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ የዝናብ ልብስ ለብሳ። ግቢያችንን ከማየቷ በፊት ወደ ላይ ወጣች፤ መንገዱ ድረስ፣ ከመንገዱም አልፋ ቤቶቹ መሀል። ውሃው ከየት እንደሚነሳ ተከተለችው። ከዚያ ወደ ታች ወረደች፤ ጅረቱ ከመንገድ ሥር እስከሚያልፍበት ካልቨርት ድረስ። ካልቨርቱ ግማሽ ያህሉ ተዘግቷል፤ በደለል፣ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በጫት ገረባ። ፎቶ አነሳችው፤ በሜትር ለካችው። የመጀመሪያው ባለሙያ ከአጥራችን አልወጣም ነበር።

ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ገረመኝ። «እዚህ ሰፈር ከሁሉ በፊት የነበሩ ሰው ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ከተማው ሳይደርስበት እዚያ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ አሉ፤ አስጠራናቸው። ዱላቸውን ይዘው መጡና ከጅረቱ ርቆ ያለ አንድ ግራር አሳዩን። ክረምቱ ሲበረታ ውሃው ከዚያ ግራር ሥር ይደርስ እንደነበር ነገሩን። ማንም አላመነም፤ እኔም ጭምር። ሰርቬየሩ የግራሩን ሥር ከፍታ ለካ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጅረቱን ተፋሰስ ይዛ በሂሳብ ያወጣችው የ50 ዓመት ጎርፍ (በአማካይ በ50 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ) ከፍታ ከሽማግሌው ምልክት ጋር የአንድ ስንዝር ያህል ልዩነት ነበረው። ሂሳቡን በሰው ትዝታ ማመሳከር ለካ ትልቅ ነገር ነው።

የአፈሩንም ነገር እንደገና አየችው። ጉድጓድ አስቆፈረች፤ ውሃ አስሞላች፤ ግን ወዲያው አልለካችም። ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ውሃ እየጨመረ እንዲያቆየው አደረገች። አፈሩ ጠግቦ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ነው መለካት የጀመረችው። እስከ ምሳ ሰዓት ውሃው ወረደ ለማለት በማይቻል መጠን ነው የቀነሰው። «የማስረጊያ ጉድጓድ እዚህ አይሠራም፣ እርሱት» አለችን። በዚህች አንዲት ቃል የቀሩት የአራት ጉድጓዶች ወጪ ቀረልን።

አሁን ሂሳቡን ልንገራችሁ። ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ለእኔ ዓይን የከፈተልኝ እሱ ስለሆነ ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ይህን ያዙ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና ነሐሴ ነው። ቱቦ የሚያስጨንቀው ግን የዓመቱ ድምር አይደለም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዱብ የሚለው ነው። ኢንጂነሯ ለስብሰባችን እንዲቀል ብላ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚጥል ኃይለኛ ዝናብ አሰላችልን። ይህ ዝናብ 20 ደቂቃ ከቆየ በ4,000 ካሬያችን ላይ ወደ 133 ሺህ ሊትር ይወርዳል። ቦታው ሣር በነበረበት ጊዜ ከዚያ ውስጥ ወደ ጅረቱ ወዲያው የሚሮጠው ሲሶ ገደማ ነው፤ ወደ 47 ሺህ ሊትር። ሌላውን ሣሩ ይይዘዋል፣ ጎድጓዳው ያቆየዋል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጣሪያ፣ ኮንክሪትና ንጣፍ ስናለብሰው ግን 90 በመቶው ይሮጣል። 120 ሺህ ሊትር። ልዩነቱ 73 ሺህ ሊትር ነው።

«አንድ ቦቴ መኪና አሥር ሺህ ሊትር ይጭናል እንበል» አለች። «እናንተ ሕንፃውን በመሥራታችሁ ብቻ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰባት ቦቴ ውሃ በታችኛው ጎረቤታችሁ ላይ ትደፋላችሁ።»

ስብሰባው ፀጥ አለ። እኔ የወደቀው አጥርና ያቺ የቡና ስኒ ታዩኝ።

ስሌቱ የእሷ ፈጠራ አይደለም። በአገራችን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የቀድሞው የመንገዶች ባለሥልጣን (አሁን የመንገዶች አስተዳደር) የማፋሰሻ ዲዛይን ማንዋል አለ። አገሩን በዝናብ ባሕርይ ከፋፍሎ፣ ዝናቡ በምን ያህል ደቂቃ ምን ያህል እንደሚበረታ በየዝናብ ቀጠናው ያስቀምጣል። እንደኛ ያለ ትንሽ ቦታ የሚሰላው በቀላል ብዜት ነው፦ ስፋቱ፣ የዝናቡ ብርታት፣ ከሚዘንበው ስንቱ እንደሚፈስ። ከ50 ሄክታር በላይ ለሆነ ተፋሰስ ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ለእኛ ቦታ አንዱን፣ ለጅረቱ ሌላውን የተጠቀመችው ለዚህ ነው። ቢሮ ስትቀጥሩ «ዝናቡን ከየት ወሰዳችሁት? የስንት ዓመት ዝናብ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ቢሮ ሰነድ ውስጥ ይህ ቁጥር ጭራሽ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

የዲዛይኑ ልብ ከመኪና ማቆሚያው ሥር ያለው ታንከር ነው። ስድስት በአሥር ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት አንድ ሜትር ተኩል፤ 90 ሺህ ሊትር ይይዛል። 73 ሺህ አይበቃም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ጅረቱ ራሱ ሲሞላ የእኛ መውጫ ቱቦ አፉ ውሃ ውስጥ ይገባል። ያኔ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በራሳችን ቱቦ ግቢያችን እንዳይገባ በቱቦው አፍ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን ተገጥሟል። ጅረቱ ሲገፋው ይዘጋል። በተዘጋበት ሰዓት ደግሞ የእኛ ውሃ የሚጠብቅበት ቦታ ይፈልጋል። ትርፉ ለዚህ ነው።

ከታንከሩ የሚወጣው ውሃ በአንድ ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ስፋቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ከሻይ ስኒ ሰሃን አይበልጥም። አባላቱ መጀመሪያ አላመኑም። የአራት ሺህ ካሬ ውሃ በዚህች? አዎ። ታንከሩ ጢም ብሎ ሲሞላ በዚያ ቀዳዳ በሴኮንድ 39 ሊትር ያልፋል። ይህ ቦታው ሣር በነበረ ጊዜ ወደ ጅረቱ ይሄድ የነበረው መጠን ነው። ጎረቤታችን የሚደርሳቸው ውሃ ከድሮው አይበልጥም ማለት ነው። የሞላው ታንከር ባዶ ለመሆን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጅበታል። ሰባቱ ቦቴ አሁንም ያልፋሉ፤ ግን ተራ ይጠብቃሉ።

ከዲዛይኑ በላይ የሆነ ዝናብ ቢመጣስ? ለእሱም መንገድ አለው። የግቢው ንጣፍ ተዳፋት ተለክቶ ትርፉ ውሃ ከሱቆቹ ርቆ በመኪና መውጫው በኩል ወደ ጅረቱ እንዲወርድ ተደርጓል። የሱቆቹ ወለል ከግራሩ ሥር ምልክት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ለዚህ ሁለት ደረጃና አንድ የጋሪ መወጣጫ ጨመርን። ከላይ ከአስፋልቱ የሚመጣውን ውሃ ደግሞ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ከአጥራችን ውጭ ተቀብሎ በጎን በኩል ወደ ጅረቱ ይወስደዋል። የሰው ውሃ ወደ ታንከራችን አይገባም። ይህ ባይለይ ኖሮ ታንከሩ በአምስት ደቂቃ ይሞላ ነበር።

ጠብ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። ዲዛይኗ ሕንፃውን ከጅረቱ እንዲርቅ አደረገው። በመጀመሪያው ፕላን የኋላው ሱቆች መስኮት ጅረቱ ላይ ነበር የሚከፈተው። በእሷ ፕላን ዘጠኝ ሱቅ ጠፋ። ዘጠኝ ሱቅ! ነጋዴ ለሆነ ሰው ይህ ሐዘን ነው። ሁለት ስብሰባ ተጨቃጨቅን። «ግንብ ገንብተን ጅረቱን እናጥበው» ያሉ ነበሩ። መልሷን አልረሳውም። «ጅረቱን ካጠበባችሁት ይፈጥናል። ሲፈጥን የግንባችሁን እግር ይቆፍራል። ከእናንተ በላይ ያሉት ላይ ደግሞ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል» አለች። ከተማው ራሱ ከ2011 ጀምሮ ወንዞቹን ለማልማት የያዘው ፕሮጀክት አለ፤ የ56 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ታቅዶበታል። በ2017 ደግሞ የወንዝ ብክለትን የሚቀጣ ደንብ ወጥቷል። ወንዝ ዳር ተጠግቶ የተሠራ ነገር ዛሬ ቢፈቀድ ነገ ላይቆም ይችላል። በድምፅ ብልጫ አለፈ። ያ ቦታ አሁን ሣርና የወይራ ችግኝ ነው። ደንበኛ ልጆቹን እዚያ ያጫውታል። ከሱቁ ኪራይ ጋር አላወዳድረውም፤ ግን ቦታውን እወደዋለሁ።

የመኪና ማጠቢያውም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ አባላችን ከኋላ ላቫጆ ልክፈት አለ። ኢንጂነሯ የዘይትና የናፍጣ ማጥመጃ ሦስት ክፍል ጉድጓድ ሳይኖር ከዝናብ ውሃው ጋር አይገናኝም ብላ ከለከለች። የመፀዳጃ ቤቱም መስመር ለብቻው ነው፤ አንድም ቦታ ከዝናቡ ቱቦ ጋር አይነካካም። በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። እኛ የለቀቅነው ቅዳሜ ገበያ ላይ ተመልሶ እጃችን ይገባል።

ቅር ወዳለኝ ልግባ።

አንደኛ፣ ዘግይተዋል። በአራት ሳምንት ተብሎ የተዋዋልነው አሥር ሳምንት ፈጀ። ከፊሉ የሰርቬየሩ ጥፋት ነው፤ ከፊሉ ግን የእነሱ። ስልክ ስደውል «ነገ» ይሉኛል። ነገ ሲሆን «ከሰዓት»። ኮንትራክተሩ ማሽን ይዞ ቆሞ ሲጠብቅ የሚከፈለውን እኔ ነኝ የማውቀው። ሥራቸው ሊዘገይ ይችላል፤ ግን ቁርጡን መናገር ምን ያስቸግራል?

ሁለተኛ፣ ፕላኑ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ፎርማናችን 30 ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ግን የተጻፈውን ማብራሪያ ማንበብ አልቻለም። የቀዳዳውን ነገር ስህተት መስሎት በ30 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ሊተካው ነበር። ለደግነቱ ነው፤ «ውሃው እንዳይታፈንባችሁ» ብሎ። በአጋጣሚ እዚያ ባልኖር ዲዛይኑ በሙሉ ከንቱ ይሆን ነበር። በኋላ ጠይቀን አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉልን። ይህ ሳይጠየቅ መሰጠት ያለበት ነገር ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያናድዳል። የታንከሩን ማንሆል ክዳኖች ቢ125 የሚባለውን ደረጃ አዘዙልን። ያ ለትንንሽ መኪና ማቆሚያ የሚሆን ነው፤ በፈተና 12 ቶን ተኩል ይሸከማል። እኛ ግን ያ ቦታ ዕቃ ማራገፊያም መሆኑን ከመጀመሪያው ነግረናቸዋል። ጭነት የያዘ አይሱዙ በመጣ በሁለተኛው ወር አንዱ ክዳን ተሰነጠቀ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። 40 ቶን በሚሸከመው ዲ400 ተካናቸው፤ በእኛ ወጪ። ቢሮው ስህተቱን አምኗል፤ የክዳኑን ዋጋ ግን አልመለሰም። እኔ ራሴ የቧንቧ ዕቃ የምሸጥ ሰው ሆኜ የክዳኑን ደረጃ አለማየቴም ያሳዝነኛል።

ወጪው? ታንከሩ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን ብር በላይ ፈጅቷል። መረሬው እያበጠ ግድግዳውን እንዳይገፋው ዙሪያው ተቆፍሮ በገረጋንቲ ተሞልቷል፤ ውድ ያደረገው በአብዛኛው እሱ ነው። መሬታችሁ ቀይ አፈር ከሆነ እንደኛ አትወጡ ይሆናል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን ክረምት በጭንቀት ነው የጠበቅኩት። አንድ ነሐሴ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰማዩ ጠቆረ። በታክሲ ወደ ሕንፃው በረርኩ። ስደርስ ዝናቡ ጃንጥላ የሚሰብር ነበር። ከየአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ቱቦው ውስጥ ሲያጓራ ይሰማል። ዘበኛችን አንዱን ክዳን ከፈተልኝ። በታንከሩ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረ መለኪያ አለ። ውሃው ሲወጣ አየሁት፤ ግማሽ ሜትር፣ ሰማንያ ሴንቲ፣ አንድ ሜትር ከሃያ። እዚያ ቆመ። ዝናቡ አባራ። ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሬቱ ላይ የቀረው ደለል ብቻ ነበር።

ከዚያ በታች ወዳሉት እናት ወረድኩ። ግቢያቸው እርጥብ ነው፤ ጎርፍ ግን አልገባበትም። አጥሩ ቆሟል። «ዛሬስ ምን ሆነሽ ነው በዚህ ዝናብ?» አሉኝና ነጠላዬን ከላዬ ወስደው እሳት ዳር አሰጡልኝ።

ስለ ጥገናው ትንሽ ልበል። ቢሮው ስለ ጥገና አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው፤ ነገሩ ግን ከዚያ በላይ ነው። ውሃው ታንከሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደለል የሚይዙ አራት ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሙሉ በሙሉ ይጸዳሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ ሰኞ። ዘበኛው ደብተር ይዞ ይጽፋል፤ ምን ያህል ባልዲ ደለል፣ ስንት ጠርሙስ። የቀዳዳዋ ፊት የብረት ወንፊት አለ፤ ፌስታል ከያዘው ቀዳዳዋ ትደፈናለች፤ ስለዚህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይታያል። ከእኛ በታች ያለውን ካልቨርት ማጽዳት የእኛ ሥራ አይደለም። ግን ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ተስማምተን በዓመት ሁለቴ እናስጠርገዋለን፤ ካልቨርቱ ከተደፈነ ታንከራችን የሚያድነው ሰው የለም።

አሁን አጠገባችን ያለውን ቦታ ጨምረን ሁለተኛውን ሕንፃ ልንጀምር ነው። በዚህኛው መጀመሪያ የጠራነው ኢንጂነሯን ነው፤ አርክቴክቱ እርሳሱን ያነሳው እሷ የውሃውን መንገድ ካርታው ላይ ካሰመረች በኋላ ነው። ሥራውን ለዚያው ቢሮ ሰጥተናል። በውሉ ላይ ግን ሦስት ነገር ራሴ አስጽፌያለሁ፦ ለዘገየ ሳምንት ቅጣት፣ ለፎርማኑ የአማርኛ ማብራሪያ፣ እና የክዳኑ ደረጃ ዲ400።